አስቀድሞ በአብ ዘንድ ያለ ሰው? የፍራንዝ ሮዘንትስቫይግ ፍለጋ

ስለ አይሁድ ስንሰብክ አብዛኛውን ጊዜ በጉባኤው ፊት የምናቆመው የወንጌላቱን ፈሪሳዊ ነው። ሕግ የሚቆጥር፣ ጥርጣሬ የማያውቅ፣ አባቶቹ ያስረከቡትን ጨብጦ የጸና ሰው። ባለፉት መቶ ዓመታት የኖሩ ብዙ አይሁድ ግን ከአባቶቻቸው የተረከቡት እምብዛም አልነበረም፤ የሕይወትን ትርጉም ፍለጋ የወጡት ባዶ እጃቸውን ነው። ይህን ለመረዳት ከፍራንዝ ሮዘንትስቫይግ ታሪክ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ለእኛ ለወንጌላውያን ታሪኩ አይመችም፤ ሰውየው ሊጠመቅ ወስኖ የተመለሰ ነውና። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮዘንትስቫይግ በ1886 በጀርመን ካሰል ከተማ፣ አይሁድነቱ ከበዓላት ቀን እምብዛም ከማያልፍ ባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። በታወቀው የታሪክ ሊቅ በፍሪድሪክ ማይኔከ ሥር ስለ ሄግል የመንግሥት አስተሳሰብ የዶክትሬት ጽሑፉን ሠራ። ዘመዱ ሃንስ ኤረንበርግና ጓደኛው ኦይገን ሮዘንሽቶክ ተጠምቀው ነበር። ጁላይ 7 ቀን 1913 ሌሊት በላይፕዚግ ከተማ ከሮዘንሽቶክ ጋር ሲከራከር አመሸ። በዚያ ሌሊት የረታው የመረጃ ብዛት አልነበረም። እንደ እርሱ የተማረ ሰው ያለ ኀፍረት በእግዚአብሔር መገለጥ አምኖ መኖሩ ነው መልስ ያሳጣው። ለነገረ እምነት ሙግት የምትዘጋጁ ተማሪዎች ይህችን ነጥብ ልብ በሏት።

ሊጠመቅ ወሰነ፤ አንድ ነገር ግን ለራሱ አስቀመጠ። እንደ አረማዊ ሳይሆን እንደ መጀመሪያዎቹ አማኞች በአይሁድነት በኩል አልፎ ወደ ክርስቶስ ሊመጣ ፈለገ። ስለዚህም ከጥምቀቱ በፊት የበልጉን ሳይሆን የመከሩን ታላላቅ በዓላት ሊያከብር ወደ ቤቱ ሄደ። እናቱ ሐሳቡን ስትሰማ በከተማችን ምኩራብ ለከሃዲ ቦታ የለም አለችው ይባላል። ወደ በርሊን ተጓዘ፤ ኦክቶበር 11 ቀን በአንዲት አነስተኛ ምኩራብ ዮም ኪፑርን፣ ቤተ እስራኤላውያን አስተስርዮ የሚሉትን የማስተስረያ ቀን፣ ሲጾምና ሲጸልይ ዋለ። ወጥቶም አይሁዳዊ ሆኖ ቀረ።

ታሪኩ በዚህ መልክ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። ለስብከት ምሳሌ ከመውሰዳችሁ በፊት ግን ምንጩን መርምሩ። ሮዘንትስቫይግ ራሱ በደብዳቤዎቹ ያንን ቀን አይተርክም፤ ትረካው የደረሰን ከእናቱ በሰማው በናሁም ግላትሰር በኩል ነው። ቤንጃሚን ፖሎክ በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ ለውጡ የአንድ ቀን ብልጭታ ሳይሆን የረጅም አሳብ ውጤት እንደ ነበር ይሟገታል። እኔም ወደዚህ አደላለሁ። የአንድ ቀን ለውጥ ታሪክ ጆሯችንን እንደሚስበው ሁሉ የእነርሱንም ጆሮ ሳይስብ አልቀረም።

እርግጠኛው ማስረጃ ከዮም ኪፑር ሃያ ቀን በኋላ ለሩዶልፍ ኤረንበርግ የጻፈው ደብዳቤ ነው። በዚያ ዮሐንስ 14፥6ን አይክድም። በክርስቶስ በኩል ካልሆነ ወደ አብ የሚመጣ የለም የሚለውን ይቀበልና፣ አስቀድሞ በአብ ዘንድ ያለ ሰው ግን መምጣት አያስፈልገውም ይላል፤ እስራኤልም እንዲህ ነው። ዛሬ «ሁለት ኪዳን» የሚባለው ትምህርት ትልቁን ኀይሉን ያገኘው ከዚህ ነው። ሙግቱ ብርቱ ነው፤ ይሁን እንጂ ጥቅሱ ራሱ አያስጠጋውም። ጌታ ይህን የተናገረው ለቶማስ ነው፤ በዚያ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ አይሁድ ነበሩ። ጳውሎስም አስቀድመው በአብ ዘንድ ስላሉ ወገኖቹ እንደዚያ ባልተጨነቀ ነበር (ሮሜ 9–10)።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ በመቄዶንያ ግንባር ሳለ፣ በ1918 ዋና ሥራውን «የቤዛነት ኮከብ»ን በፖስታ ካርዶች ላይ እየጻፈ ወደ ቤቱ ይልክ ጀመር። በ1921 የታተመው መጽሐፍ የሚነሣው ከሞት ፍርሃት ነው። ስለ «ሁሉ» የሚናገር ፍልስፍና ለሚሞተው ለአንዱ ሰው መልስ የለውም የሚል ክርክር ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ማይኔከ በዩኒቨርሲቲ የማስተማር ዕድል ሲከፍትለት እምቢ አለ። በ1920 በፍራንክፈርት «ሌርሃውስ» የተባለውን ነጻ የአይሁድ መማሪያ ቤት መምራት ጀመረ። የዚህ ቤት አሠራር ለእናንተ ለመጋቢዎች እንግዳ ነው። ቀድሞ መማር ማለት ከኦሪት ተነሥቶ ወደ ኑሮ መውረድ ነበር፤ እዚህ ግን ተማሪው ከሐኪምነቱ፣ ከጠበቃነቱ፣ ከጥርጣሬው ተነሥቶ ወደ ኦሪት ይመለሳል። መምህራኑም ገና ፈላጊዎች ነበሩ። ኤድዋርድ ሽትራውስ የኬሚስትሪ ሰው ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምር ነበር፤ ሪሐርድ ኮኽ ሐኪም ነበር፤ ማርቲን ቡበር፣ ጌርሾም ሾሌምና ወጣቱ ኤሪክ ፍሮምም አስተምረውበታል። ሮዘንትስቫይግ ራሱ በጸሎት ጊዜ አሸንክታብ ታስራለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ገና ነኝ እንዳለ ይነገርለታል። በእኛ አዳራሾች «ገና ነኝ» ለሚል ሰው ስንት ወንበር አለን?

ያ መንፈስ ከፍራንክፈርት አልፎ ሄደ። ቡበር በ1937 የጎልማሶችን ትምህርት ሥራ ያስረከበው አብርሃም ሄሼል ከናዚዎች አምልጦ በ1940 አሜሪካ ገባ፤ በ1955 ባሳተመው መጽሐፍም ጥያቄውን ገልብጦ፣ የሚፈልገው እግዚአብሔር፣ የሚፈለገውም ሰው ነው አለ። በ1968 በማሳቹሴትስ ወጣት አይሁድ «ሐቩራት ሻሎም» የተባለ አነስተኛ የጸሎትና የጥናት ኅብረት መሠረቱ። በ1980 በእንግሊዝ የተጀመረው «ሊሙድ» ደግሞ እያንዳንዱ ተሳታፊ አስተማሪም ተማሪም የሚሆንበት ጉባኤ ነው።

ሮዘንትስቫይግ ይህን አላየም። በ1922 ሰውነትን ቀስ በቀስ ሽባ የሚያደርግ በሽታ እንደያዘው ታወቀ። መጻፍ፣ ከዚያም መናገር ተሳነው። ባለቤቱ ኤዲት ፊደል እየቆጠረች፣ እርሱ ምልክት እየሰጠ አሳቡን ቃል በቃል ታወጣ ነበር። እንዲህ ሆኖ ነው ከ1925 ጀምሮ ከቡበር ጋር የዕብራይስጡን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ጀርመንኛ የተረጎመው። ዲሴምበር 9 ቀን 1929 ስለ ኢሳይያስ የእግዚአብሔር ባሪያ ለቡበር ደብዳቤ ሲያስጽፍ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ሐኪሙ ገባ፤ ደብዳቤው በዚያው ቀረ። በማግስቱ ሲሞት 42 ዓመቱ ነበር። ትርጉሙ የደረሰው ኢሳይያስ 53 ላይ ነው። ቀሪውን ቡበር ብቻውን ቀጠለ፤ በ1961 በኢየሩሳሌም ጨረሰው።