ሰውን ጨረቃ ላይ ያወረደችው መንኰራኵር

በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ ኒል አርምስትሮንግና በዝ አልድሪን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ጨረቃ ላይ አረፉ። አርምስትሮንግ የጨረቃን አፈር የረገጠው ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነበረ። ስለ ሁለቱ ሰዎች ያልሰማ ተማሪ አይገኝም። ተሸክማ ስላወረደቻቸውና ስለ መለሰቻቸው መንኰራኵር ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የእርስዋን ታሪክ ለመጻፍ ወደድሁ።

ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ግንቦት 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ሰው ጨረቃ ላይ አርፎ በደኅና እንዲመለስ ለአገራቸው ምክር ቤት ሐሳብ ባቀረቡ ጊዜ፣ መንገዱ ገና አልተቈረጠም ነበረ። አንዳንዶቹ ሊቃውንት አንድ ግዙፍ መንኰራኵር በቀጥታ ሄዶ ጨረቃ ላይ ቆሞ ከነሙሉ ጭነቱ እንዲነሣ ፈለጉ። ሌሎቹ ክፍሎቹ በመሬት ዙሪያ ሳሉ እንዲገጣጠሙ አሰቡ። በላንግሊ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ጆን ሁቦልት ግን ሦስተኛውን መንገድ አጥብቆ ያዘ።

ወደ ዝዋይ ሐይቅ ወርዶ ያየ የመቂ ልጅ ይህ መንገድ አይከብደውም። ትልቅ ጀልባ ውኃው ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ ቢደርስ፣ ከነጭነቱ ደረቅ መሬት ለመውጣት አይታገልም፤ ጥልቁ ላይ ይቆምና ሰዎቹ በትንሽ ታንኳ ወርደው ጕዳያቸውን ፈጽመው ይመለሳሉ። ለመልስ ጕዞ የሚያስፈልገው ስንቅና ነዳጅ ከትልቁ ጋር ስለሚቀር ታንኳዋ ቀላል ትሆናለች። የሁቦልትም ሐሳብ ይኸው ነው፤ ትልቋ መንኰራኵር አንድ ሰው ይዛ ጨረቃን ስትዞር ሁለቱ በትንሿ ይውረዱ። ከእርሱ አስቀድሞ የዩክሬን ተወላጅ የነበረው ዩሪ ኮንድራትዩክ ይህንኑ ጽፎት ነበረ። ብዙዎች ግን ፈሩ፤ ሁለቱ መንኰራኵሮች ከመሬት እንዲህ ርቀው ሳይገናኙ ቢቀሩ ማን ይደርስላቸዋል? ሁቦልት ኅዳር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. አለቆቹን ሁሉ አልፎ ለጠፈር መሥሪያ ቤቱ ለናሳ ከፍተኛ ሹም ለሮበርት ሲማንስ ደብዳቤ ጻፈ። ይህ ሥራውን ሊያሳጣው ይችል ነበረ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መሥሪያ ቤቱ በእርሱ መንገድ ለመሄድ መወሰኑን አስታወቀ።

ትንሿን መንኰራኵር የመሥራቱ ተግባር ጥቅምት 28 ቀን 1955 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አቅራቢያ በቤትፔጅ ለነበረው ለግራማን ኩባንያ ተሰጠ። የንድፉ ዋና መሐንዲስ ቶም ኬሊ ነበረ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከክብደት ጋር የተደረገ ትግል ነው።

መጀመሪያ በተሣለው ንድፍ ሁለት ወንበሮችና ትልልቅ መስኮቶች ነበሩ። መስተዋት ከባድ ነው፤ መስኮቱ ቢጠብ ደግሞ የተቀመጠ ሰው የሚያርፍበትን ቦታ አያይም። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ወንበሮቹ ይውጡ ተባለ። የጨረቃ ስበት የመሬት ስድስተኛ እጅ ብቻ ስለሆነ (አንድ ኩንታል የመቂ ሽንኩርት እዚያ በተንጠልጣይ ሚዛን ቢመዘን 17 ኪሎ አይሞላም) ቆሞ መብረር አያደክምም። የቆመ ሰው ፊቱን ወደ መስተዋቱ ማስጠጋት ስለሚችል፣ በትንሽ ባለሦስት ማዕዘን መስኮት ሰፊ ስፍራ ያያል። ስለዚህ ወንበሩን ማውጣት መስተዋቱንም አቀለለ! ከዚህ ጥበብ የሚበልጥ በታሪኳ ውስጥ አላገኘሁም። የክፍሏ ግድግዳ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 0.3 ሚሊሜትር ድረስ ሳሳ። እግሮቿም ለጨረቃ እንጂ ለመሬት ስበት አልተሠሩም። ጨረቃ ላይ ነፋስም አየርም የለምና እንደ አውሮፕላን ሹልና ለስላሳ መሆን አላስፈለጋትም፤ ባለ አራት እግር ሸረሪት መሰለች። ቁመቷ 7 ሜትር ያህል፣ ክብደቷ ከነነዳጇ 15 ቶን ያህል ነበረ።

በሁለት የተከፈለች ነበረች። የታችኛው ክፍል ሞተር ፍጥነቷን እየገታ ያወርዳታል፤ ለመነሣት ጊዜ ሲደርስ የላይኛው ክፍል የታችኛውን እንደ መድረክ ተጠቅሞ ብቻውን ይወጣል። የላይኛው ሞተር አንድ ብቻ ነው፤ ምትክ የለውም። እርሱ እንቢ ቢል ሰዎቹ እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ እጅግ ቀላል አድርገው ሠሩት፤ ሁለቱ ፈሳሾች ሲገናኙ ያለ ክብሪትና ያለ ብልጭታ በራሳቸው ይነድዳሉ።

ያለ ሰው በጥር 1960 ዓ.ም. በመሬት ዙሪያ ተፈተነች፤ በየካቲት 1961 ዓ.ም. በአፖሎ 9 ሰዎች በረሩባት፤ በግንቦት ወር አፖሎ 10 ከጨረቃ ገጽ 15 ኪሎ ሜትር ያህል እስኪቀር ወረደች። የአፖሎ 11ዋ «ንስር» ስታርፍ ለአንድ ደቂቃ እንኳ የማይበቃ የማውረጃ ነዳጅ ነበረ የቀራት፤ አርምስትሮንግ ድንጋይ የበዛበትን ጕድጓድ አልፎ ደልዳላ ስፍራ ሲፈልግ ነዳጁ ሊያልቅበት ተቃርቦ ነበረ። ሊነሡ ሲሉ ደግሞ የዚያ የአንዱ ሞተር የኤሌክትሪክ ማብሪያ ተሰብሮ ተገኘ። አልድሪን በጽሕፈት ብዕር ጫፍ ገፍቶ አስገባው፤ ሞተሩም ታዘዘ።

እኔ ግን ከስድስቱ ማረፊያዎች ሁሉ ይልቅ ያላረፈችውን አደንቃለሁ። ሚያዝያ 6 ቀን 1962 ዓ.ም. በእኛ ሰዓት ማለዳ፣ አፖሎ 13 ወደ ጨረቃ ስትጓዝ በትልቋ መንኰራኵር ውስጥ የኦክሲጅን ጋን ፈነዳ። ጄምስ ላቭል፣ ጃክ ስዋይገርትና ፍሬድ ሄይዝ ወደ ትንሿ ገቡ። ለሁለት ሰዎች ለሁለት ቀን ያህል የተሰናዳችው ሦስቱን አራት ቀን ያህል አቈየች። ብርዱ ጠና፤ ውኃው በቍጥር ተጠጣ። የተነፈሱትን አየር የሚያጠራው መድኀኒት እያለቀ ሲሄድ የትልቋ አራት ማዕዘን ማጣሪያ ለትንሿ ክብ ማስገቢያ አልገጥም አለ። ከመሬት በሬዲዮ እየተነገራቸው በፕላስቲክ ከረጢት፣ በካርቶን፣ በቱቦና በተለጣፊ ፕላስተር አስማሙት። ለጨረቃ ማረፊያ የተሠራው ሞተርም ወደ መሬት የሚመልሰውን መንገድ አቀናላቸው። ሚያዝያ 9 ቀን ወደ ትልቋ ተመልሰው ትንሿን ለቀቋት፤ እርስዋ አየር ውስጥ ነድዳ ጠፋች፤ ሦስቱም በሕይወት ወረዱ። የግራማን ሰዎች ትልቋን ለሠራው ኩባንያ የ«መጐተቻ ሒሳብ» ላኩ ይባላል፤ ቀልድ ነው እንጂ ማንም አልከፈለም።

ሶቪየት ኅብረትም ለአንድ ሰው የምትሆን ማረፊያ ሠርታ ያለ ሰው በመሬት ዙሪያ ፈትናት ነበረ፤ ነገር ግን ወደ ጨረቃ የሚያደርሳት ታላቅ ሮኬት አራት ጊዜ ተነሥቶ አራት ጊዜ ስለ ከሸፈ፣ ሰው አልተሳፈረባትም።

የመጨረሻዋ አሜሪካዊት መንኰራኵር ታኅሣሥ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ከጨረቃ ተነሣች። የስድስቱም የታችኛው ክፍል እዚያው ቀርቷል። በ«ንስር» እግር አጠገብ ደግሞ ከኢትዮጵያ የሄደ ነገር አለ፤ የ73 አገሮች መሪዎች የላኩት መልእክት በሲሊኮን ላይ እጅግ ደቅቆ የተቀረጸበት፣ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ክብ ሰሌዳ። ከእነዚህም አንዱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልእክት ነው። አልድሪን በኪሱ ይዞት ረስቶት ነበረ፤ መሰላሉን ወጥቶ ሊገባ ሲል አርምስትሮንግ አስታወሰውና ወደ መሬት ወረወረው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ጨረቃን የሚዞር ሳተላይት ባነሣቸው ፎቶግራፎች የታችኛው ክፍልና በአቧራው ላይ የወደቀው ጥላዋ ይታያል፤ ሰሌዳው ግን ከዚያ ከፍታ ለመታየት እጅግ ትንሽ ነው።