ጦር ማቆምና መታረቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ምእመናን ሆይ፤ በጎንደር የቆመውን የፋሲልን ግንብ አይቶ የማያደንቅ የለም። ነገር ግን ከተማዪቱ ከመቆርቆሯ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ በዚያው አገር ክርስቲያን ከክርስቲያን ጋር እንደ ተላለቀ የሚያስብ ጥቂት ነው። ይህን ታሪክ የምናነሣው የሞቱትን ለመውቀስ አይደለም፤ በሕይወት ያለነው እንድንማርበት ነው።

ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት ተቀብለው በ1618 ዓ.ም. ከጎንደር በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በደንቀዝ ለሮም ፓፓ ለመታዘዝ ማሉ። ከውጭ የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝም ሕዝቡ ዳግም እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም ክህነትን እንደገና እንዲቀበሉ አዘዙ። ሕዝቡ አባቶቹ እንዳልተጠመቁ መቈጠራቸውን ባየ ጊዜ እጅግ አዘነ፤ በየአገሩም ሸፈተ።

በ1624 ዓ.ም. ከላስታ የመጣው የመልክዐ ክርስቶስ ሠራዊት በወይና ደጋ ከንጉሡ ጦር ጋር ገጠመ። ድሉ የንጉሡ ሆነ፤ 8000 ያህል ሰው እንደ ወደቀም ይነገራል። ነገር ግን የወደቀው ሁሉ ክርስቲያን፣ ልቅሶውም የአንድ ቤት ልቅሶ ነበረ። ድል ያደረጉት ንጉሥ በዚያው ዓመት ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ መንግሥታቸውንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስረከቡ። ተሸንፎ የሚተው ብዙ ነው፤ አሸንፎ የሚተው ግን ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ ጦር ማቆም አንድ ነገር ነው፤ መታረቅ ሌላ ነገር ነው። ዐዋጁ ሰይፉን ወደ አፎቱ መለሰ እንጂ ቂሙን አልነቀለም። የሮምን ሃይማኖት አንተውም ያሉት የንጉሡ ወንድም ራስ ስዕለ ክርስቶስ ተጋዙ። በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን የቆረቆሩት ዐፄ ፋሲለደስም ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። ከዚያም በኋላ የአገሩ ሊቃውንት ራሳቸው በቅባትና በተዋሕዶ ተለያይተው በጎንደር ጉባኤያት ለብዙ ዘመን ተከራከሩ።

እንግዲህ ዕርቅ ምን እንደሚመስል በዘመናችን አይተናል። ቀድሞ የጎንደር ሊቀ ጳጳስ የነበሩት አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ በ1983 ዓ.ም. ከመንበራቸው ከተለዩ በኋላ፣ አባቶች በአገር ውስጥና በውጭ በሁለት ሲኖዶስ ተከፍለው ከሃያ ዓመት በላይ ተወጋገዙ። በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. ግን በዋሽንግተን ተገናኝተው ውግዘቱን ከሁለቱም ወገን አነሡ። አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፣ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር ሥራ እንዲኖሩ ተስማሙ። አቡነ መርቆሬዎስም ወደ አገራቸው ተመልሰው እስከ ዕረፍታቸው እስከ 2014 ዓ.ም. በሰላም ኖሩ። በዚህ ዕርቅ ያሸነፈ የለም፤ የተጋዘም የለም። ሁሉም ከያዘው ጥቂት ለቀቀ፤ ስለዚህም ወንድሙን አገኘ።

ምእመናን ሆይ፤ የአገራችን ሰው በድሎ በተጸጸተ ጊዜ ድንጋይ ተሸክሞ በሽማግሎች ፊት ይወድቃል፤ የተበደለውም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ያነሣዋል። ድንጋዩን ለመሸከም ትሕትና፣ ለማውረድም ፍቅር ያስፈልጋል። ከወንድሙ ጋር ጠቡን ያቆመ ብቻ ታረቅሁ አይበል። ሰላምታውን የነሣው፣ ስሙንም በጸሎት የማያነሣው ወንድም ካለ ከመቍረቡ በፊት በነፍስ አባቱ በኩል ይፈልገው።

የሰላም አለቃ ክርስቶስ ልባችንን ያስታርቅልን፤ አሜን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።