ደም መጣጭ ነፍሳትና የገንዲ በሽታ፦ ከጭልሞ ደጋ እስከ ጊቤ ሸለቆ

ትሪፓኖሶማ በመባል የሚታወቁት በዓይን የማይታዩ ጥገኛ ተሐዋስያን በአብዛኛው በደም መጣጭ ነፍሳት አማካኝነት የሚተላለፉ ሲሆን፣ በላቲን አሜሪካ የሻጋስ በሽታን፣ በአፍሪካ ደግሞ የከብቶችን ገንዲና የሰውን የእንቅልፍ በሽታ ያስከትላሉ።

የሻጋስ በሽታን መንስኤና መተላለፊያ እ.ኤ.አ በ1909 የደረሰበት ብራዚላዊው ሐኪም ካርሎስ ሻጋስ ነው። በሽታውን የምታሰራጨው በጭቃ ቤት ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የምትደበቅ፣ ሌሊት የተኛን ሰው ፊት እየነከሰች ደም የምትመጥ ትልቅ የትኋን ዘመድ ናት። ተሐዋሱ የሚገኘው በምራቋ ሳይሆን በኩሷ ውስጥ በመሆኑ፣ ሰውየው የተነከሰበትን ቦታ ሲያክ ወደ ሰውነቱ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በተሐዋሱ እንደተያዙ ይገምታል።

የሻጋስ በሽታ በኢትዮጵያ በነፍሳት የሚሰራጭ አይደለም። ይሁንና የተሐዋሱ የቅርብ ዘመዶች በአገራችን የሚገኙ ሲሆን፣ አስተላላፊያቸውም የቆላ ዝንብ ወይም ጸጸ ናት። ይህች ዝንብ ተሐዋሱን የምታስተላልፈው በምራቋ አማካኝነት ነው። በኢትዮጵያ 5 ዝርያዎቿ የሚታወቁ ሲሆን፣ በዓባይ፣ በዴዴሳ፣ በባሮ አኮቦ፣ በኦሞ ጊቤና በስምጥ ሸለቆ ተፋሰሶች ዝቅተኛ ቦታዎች ትኖራለች።

የምዕራብ ሸዋ ዞን አቀማመጥ የበሽታውን ስርጭት ለመረዳት ይጠቅማል። በደንዲ ወረዳ ከጊንጪ ከተማ በላይ የሚገኘው የጭልሞ ደን ከባህር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 1 መቶ ሜትር አንስቶ እስከ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው በመሆኑ፣ ቅዝቃዜው ለቆላ ዝንብ አይመችም። በዚያው ዞን ምዕራባዊ ጫፍ የሚገኘው የባኮ ጢቤ ወረዳ ግን ዝቅ ያለና ሞቃታማ ነው። በባኮ አጠገብ የሚያልፈው የጊቤ ወንዝም ወደ ደቡብ ሲወርድ ዝንቧ ወደምትበዛበት ሸለቆ ይገባል።

ይህ ማለት ግን ደጋው ሙሉ በሙሉ ከስጋት ነጻ ነው ማለት አይደለም። ቫይቫክስ የተሰኘው የትሪፓኖሶማ ዝርያ በሌሎች ተናካሽ ዝንቦችም ስለሚተላለፍ፣ ከቆላ ተገዝቶ ወደ ደጋ የመጣ የታመመ በሬ ተሐዋሱን ይዞ ሊገባ ይችላል። በገንዲ የተያዘ ከብት ትኩሳት ይይዘዋል፣ ደሙ ያንሳል፣ ይከሳል፣ ላም ከሆነች ወተቷ ይቀንሳል፣ ትጨነግፋለችም። በሬ በእርሻ ወቅት ሲታመም ጉዳቱ የቤተሰቡን የዓመት ቀለብ ይነካል።

በጊቤ ሸለቆ መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል እ.ኤ.አ ከ1986 ጀምሮ ባካሄደው ምርምር፣ ተሐዋሱ የተለመዱትን መድኃኒቶች መላመዱ ተረጋግጧል። በአንጻሩ በከብቶች ጀርባ ላይ የሚፈስ ጸረ ዝንብ መድኃኒት የዝንቧን ቁጥርና የበሽታውን መጠን በእጅጉ መቀነሱ ታይቷል። በመሆኑም መድኃኒት መርፌን ያለ ምርመራና ያለ ትክክለኛ መጠን መስጠት ለጊዜው የሚጠቅም ቢመስልም፣ መድኃኒቱን ለዘለቄታው ከጥቅም ውጪ ሊያደርገው ይችላል።

የቆላ ዝንብ በአንድ ጊዜ አንድ እጭ ብቻ የምትወልድ በመሆኗ ቁጥሯ ቶሎ አይጨምርም። ወንዶቹን በጨረር አምክኖ የመልቀቅ ዘዴ በዚህ ባሕርይ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በዛንዚባር ኡንጉጃ ደሴት በ1990ዎቹ ዝንቧ በዚህ መንገድ ጠፍታለች። ኢትዮጵያም ዘዴውን በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ለመጠቀም እ.ኤ.አ በ1997 ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር ፕሮጀክት ጀምራ፣ በቃሊቲ የዝንብ ማርቢያ አቋቁማለች።

በሰው ላይ የሚከሰተው የእንቅልፍ በሽታ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ በ1967 በጋምቤላ አካባቢ ነው። ከ1991 በኋላ ሳይመዘገብ ከ30 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ2022 በወቅቱ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል 5 ሰዎች በበሽታው መያዛቸው ተረጋግጧል። በሽታው በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በመገጣጠሚያ ሕመም የሚጀምር በመሆኑ ከወባ ጋር ይምታታል። ካልታከመ ወደ አንጎል ዘልቆ ለሞት ያደርሳል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። የወባ ፈጣን መመርመሪያ ትሪፓኖሶማን አያሳይም። ተሐዋሱ ሊታይ የሚችለው በማይክሮስኮፕ በሚመረመር የደም ናሙና ነው። ስለዚህ ዝንቧ ባለችባቸው ወረዳዎች የወባ ምርመራው ነጻ ሆኖ ትኩሳቱ ያልለቀቀው ሕመምተኛ ሲኖር የደም ናሙናው በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ማድረግ ያስፈልጋል። የእንስሳት ጤና ባለሙያው የከብት ገንዲ የበዛበትን ቀበሌ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ቢያሳውቅ፣ ጤና ጽሕፈት ቤቱም የተጠረጠረ ሕመምተኛ ሲገኝ ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ ቢገልጽ በሽታውን ቀድሞ ለመግታት ያስችላል። ከከብት ወደ ሰው ሊተላለፍ የሚችል በሽታ በአንድ መሥሪያ ቤት ጥረት ብቻ አይገታምና።