ያልታሰበውን ማሰብ፤ የግራና ጎርፍና የሙያ ማኅበር ድርሻ

በሀብሩ ወረዳ የምትገኘው ግራና ስሟን ከቆቦ ጋር አጣምራ ለአንድ ሰፊ ሸለቆ የሰጠች ትንሽ ከተማ ናት። የቆቦ ግራና ሸለቆ በምዕራብ በኩል በተራሮች የታጠረ ሲሆን፣ ክረምት በገባ ቁጥር ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ አፈሩንና ድንጋዩን ጠራርጎ ወደ ሜዳው ያመጣል። የሸለቆው ገበሬ ይህንኑ ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ማሳውን ሲያጠጣ ኖሯል። ስለዚህ ጎርፍ ለአገሬው ሰው እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሚሆነው ከሌላ ቦታ ለመጣው መሐንዲስ ነው።

እኔም ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዚያ አካባቢ በአንድ አነስተኛ የመንገድ መሻገሪያ ሥራ ላይ ተመድቤ ነበር። የውሃውን መጠን በተማርነው ቀመር አስልተን ቱቦዎቹን በዚያው ልክ አስቀመጥን። አንድ ሽማግሌ ወደ ሥራው ቦታ መጥተው፣ «ልጆቼ፣ ውሃውንስ ታሳልፉታላችሁ፤ ድንጋዩን ወዴት ልትሰዱት ነው?» ብለው ጠየቁን። እኛም ፈገግ ብለን አለፍነው። በሁለተኛው ክረምት ቱቦዎቹ በድንጋይና በደለል ታፈኑ፤ ጎርፉም መንገዱን በጎን ቆርጦ ወደ ማሳ ገባ። ከተበላሹት ማሳዎች አንዱ የእኒያው ሽማግሌ ነበር። በዘገባችን ላይ የጻፍነው ግን «ከግምት በላይ የሆነ ዝናብ» የሚል ነው። ከጊዜ በኋላ በአንድ የሙያ ስብሰባ ላይ ይህንኑ ባነሣ፣ አንድ አንጋፋ ባልደረባ ተመሳሳይ ነገር በሌላ ወንዝ ላይ ቀደም ብሎ እንደ ደረሰባቸው አጫወቱኝ። የት ተጽፎ እንደሚገኝ ብጠይቃቸው፣ «የትም» አሉኝ።

«የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል» እንዲሉ፣ የፈረሰ ሥራ ያለው ባለሙያ ምሣሩን ፈርቶ ዝም ይላል። ዝምታው እርሱን ያድነው ይሆናል፤ ተከታዩን ግን ለዚያው ጎርፍ ይሰጠዋል።

የአገራችን ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በ1953 ዓ.ም በግንቦትና በሰኔ በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አልፎ ወደ አሥመራ የሚዘልቀውንም አውራ ጎዳና በስንጥቅና በናዳ ጎድቷል። በ1961 ዓ.ም ደግሞ በአፋር ምድር ሰርዶ ፈረሰች። እነዚህን አደጋዎች ሰብስቦ የመዘገበው የአዲስ አበባ ጂኦፊዚክስ ጣቢያ መሥራች የነበረው ፒየር ጉዋን ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። የመጀመሪያው የመሬት መንቀጥቀጥ ንድፍ ደንባችን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978፣ ማለትም ካራ ቆሬ ከተናወጠ ከ17 ዓመት በኋላ ነው። ደንቡ በ1983፣ በ1995 እና በ2015 እየተሻሻለ መጥቷል። በ2017 ዓ.ም በፈንታሌና በአዋሽ ምድሪቱ በተደጋጋሚ ስትንቀጠቀጥና ንዝረቱ በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ ሲሰማ፣ ደንብ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ፣ ደንቡን የሚያውቅና የሚያስከብር ባለሙያ እንደሚያስፈልግ ሁላችንም ተረድተናል።

ሌሎች አገሮችም ይህን ትምህርት በዋጋ ገዝተውታል። እ.ኤ.አ. በ1968 በለንደን ከተማ ሮናን ፖይንት በተባለው ባለ 22 ፎቅ ሕንፃ በ18ኛው ፎቅ ላይ ጋዝ ፈንድቶ፣ የሕንፃው አንድ ማዕዘን ከላይ እስከ ታች ተንዶ 4 ሰዎች ሞቱ። መንግሥት ደንቡን አሻሻለ። የመሐንዲሶቹ ማኅበራት ግን በዚያ አልቆሙም፤ በ1976 ቋሚ የደኅንነት ኮሚቴ በጋራ አቋቋሙ፣ በ2005 ደግሞ ባለሙያው ስሙ ሳይገለጥ ስሕተቱን የሚያስታውቅበት ሥርዓት ዘረጉ። ይኸውም ዛፉ ከመውደቁ በፊት ስንጥቁ እንዲነገር ነው።

በእኛም ዘንድ መሠረቱ አለ። የኢትዮጵያ መሐንዲሶችና አርክቴክቶች ማኅበር «ዘዴ» የተባለውን መጽሔት ማዘጋጀቱ ዕውቀትን ከግል ማስታወሻ አውጥቶ የጋራ ለማድረግ የተደረገ ጥረት ነበር። ነገር ግን መጽሔት ባመዛኙ የሚያስተናግደው የተሳካውን ጥናት እንጂ የከሸፈውን ሥራ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ጦርነት ሰሜን ወሎን ሲያዳርስ፣ የተጎዳ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ይገባበታል ወይስ አይገባበትም ብሎ መወሰን በየቦታው በተገኘው ባለሙያ ትከሻ ላይ ወደቀ። ይህ በመማሪያ ክፍል ያልተማርነው ጉዳይ ነው። ያን ጊዜ የተወሰነው ሁሉ ካልተጻፈ፣ ለሚመጣው ትውልድ ስንቅ ሳይሆን ተረት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በማኅበራችን ዘንድ አንድ መዝገብ ይከፈት እላለሁ። የባለሙያ ስምና የድርጅት ስም አይኑርበት፤ የቦታው ጠባይ፣ የታሰበው፣ የሆነውና የተገኘው ትምህርት ብቻ ይጻፍበት። በዓመት አንድ ጊዜም ተሰብስበን እናንብበው። የመጀመሪያውን ገጽ እኔ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ፤ «ውሃውን አሰላን፤ ድንጋዩን ረሳን» ብዬ እጀምራለሁ።