የክርክር ድርሰት ቃላት ከችሎት ወደ መማሪያ ክፍል

ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በራያ ቆላ ሜዳ የምትገኝ ከተማ ናት። አማርኛና ትግርኛ በአንድ ገበያ ይሰሙባታል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው የአካባቢውን ታሪክ በጠቅላላው ሳይሆን አንድ ጠባብ ነገር ነው፤ ይኸውም በመካከለኛ ደረጃ፥ ማለት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል፥ ልጆች የክርክር ድርሰት ሲማሩ የሚያጠኗቸው ቃላት ከየት እንደ መጡ ነው። ልጆቹ «ጭብጥ»፥ «ማስረጃ»፥ «ተቃራኒ ሐሳብ»፥ «አመዛዛኝ ድርሰት» የሚሉትን እንደ አዲስ የመጽሐፍ ቃል ያጠኗቸዋል። እኛ ግን ከእነዚህ የሚበዙት በችሎት የኖሩ ናቸው እንላለን፤ ወደ ክፍል ሲገቡም አንድ ዋና ነገር እዚያው ቀርቷል።

ከዘመናዊው ፍርድ ቤት በፊት በነበረው ሙግት ተሟጋቹ «በላ ልበልሃ» ብሎ ይነሣ ነበር፤ ባላጋራውም በተራው እንዲሁ ብሎ ይመልስለታል። አንደኛው «ተጠየቅ» ሲል ሌላው «ልጠየቅ» ይላል፤ ይህም ለመልስ ግዴታ መግባት ነበር። ዋስ ይጠራል፤ ምስክር ይቆጠራል። ተሟጋቹ በቃሉ የተማመነ እንደ ሆነ ማር፥ በቅሎ ወይም ፈረስ ልስጥ ብሎ ይወራረዳል፤ ቢረታ ይከፍላል። ዛሬ ለንትርክ ሁሉ የምንጠራው «እሰጥ አገባ» የዚሁ ውርርድ ትራፊ ነው። ዳኛ በአጠገብ ባይገኝ መንገደኛው ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ ነበርና ተሟጋቹ ነገሩን ለማያውቀው ሰው ከሥሩ ማስረዳት ነበረበት። «ተጠየቅ» የሚለውንም ቃል በኋላ አንዳንድ ምሁራን ለሎጂክ መጠሪያ አድርገውታል፤ ምርጫቸው መልካም ይመስለናል።

ከቃላቱ ሁሉ ይልቅ ልናተኩርበት የሚገባን «ረታ» ነው። ግዕዙ «ረትዐ» ይላል፤ ቀና፥ ቀጥ አለ ማለት ነው። አማርኛ ሙግት አሸነፈ ወደ ማለት ወሰደው። በትግርኛ ግን «መርትዖ» ማለት ማስረጃ ማለት ነው። ዋጃን የመረጥንበትም ምክንያት ይህ ነው፤ ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ቃላት፥ አንዱ ማሸነፍን ሌላው ማስረጃን ይዞ፥ በአንድ ሰፈር ልጆች አፍ ይነገራሉ። ለአስተማሪው ይህን ለማሳየት ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃዋል።

ይሁን እንጂ በራያ ቆቦ ነገር ሁሉ በመርታት አያልቅም። ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ ዘወልድ የሚባሉት ሽማግሎች ይገባሉ፤ የሚፈልጉትም ረቺና ተረቺን መለየት ሳይሆን ዕርቅ ነው።

«ጭብጥ» «ጨበጠ» ከሚለው ይወጣል፤ በእጅ የተያዘ ማለት ነው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ጭብጥ የሚገኘው አንዱ ወገን አለ ያለውን ሌላው የለም ብሎ ሲክድ ነው። ሁለቱም የተስማሙበት ነገር ጭብጥ አይሆንም። በክፍል ውስጥ ግን ቃሉ ጸሐፊው ብቻውን የያዘው ዋና ሐሳብ ወደ መሆን ዞረ። በችሎት ቀርቷል ያልነው እንግዲህ ባላጋራው ነው። ልጁ ሦስት ምክንያት ደርድሮ «ተቃራኒ ሐሳብ» በተባለው ቦታ አንድ ደካማ ዐረፍተ ነገር ጽፎ ያልፋል፤ «ተጠየቅ» የሚለው የለምና።

«አመዛዛኝ» የሚለው ስም ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። የመዘነ፥ የሚዛን ዘር ነው፤ ሚዛን የሚይዝ ግን ዳኛው እንጂ ተሟጋቹ አይደለም። ስለዚህ መጽሐፉ ከአንድ የ13 ዓመት ልጅ ሁለት ሥራ ይጠይቃል፤ አቋም ይዞ እንዲሟገት፥ ደግሞም ቁጭ ብሎ እንዲመዝን። ይህን ሳይነግሩት «አሳማኝ አይደለም» ብሎ ነጥብ መቀነስ ፍትሕ አይመስለንም።

አንድ የአገሩን ምሳሌ እናንሣ። በዚህ ሜዳ ገበሬው ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ማሽላውንና ጤፉን ያጠጣበታል። «ውሃው አስቀድሞ ለላይኛው ማሳ ይገባል» የሚል ርእስ ለ8ኛ ክፍል ቢሰጥ የላይኛው ገበሬ ልጅ ጎርፍ ቶሎ ያልፋል፥ በጊዜው ያልተጠለፈ ውሃ ለማንም አይሆንም ይላል። የታችኛው ገበሬ ልጅ ደግሞ ቦዩን የጠረግነው በጋራ ነው፥ ላይኛው ደግሞ ደጋግሞ ሲያጠጣ የእኛ ቡቃያ ይደርቃል ብሎ ይመልሳል። ሁለቱ በየራሳቸው ወረቀት ከመጻፋቸው በፊት ፊት ለፊት ቢጠያየቁ ላይኛው ይቅደም በሚለው ላይ ያን ያህል እንዳልተለያዩ ይታያል። የተካካዱበት ጭብጥ የላይኛው ማሳ ጠገበ የሚባለው መቼ ነው፥ ይህንንስ ማን አይቶ ይመሰክራል የሚለው ነው።