ዋንጫውን ያነሳው ሰው

ስለ 1954ቱ ዋንጫ የማይፎክር ኢትዮጵያዊ ፈልጋችሁ አታገኙም። ብሔራዊ ቡድናችን በተሸነፈ ቁጥር፣ ታክሲ ውስጥም ይሁን ቡና ቤት፣ አንዱ ይነሳና «እኛኮ የአፍሪካን ዋንጫ የበላን ሰዎች ነን!» ይላል። ይበል፣ ምን ከፋ። ግን እስቲ ቀጥላችሁ «አምበሉ ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙውን ጊዜ መልሱ «መንግሥቱ ወርቁ» ነው። አይደለም። ትንሽ አነበብኩ የሚል ከሆነ «ይድነቃቸው ተሰማ» ይላችኋል። እሳቸው አሰልጣኙ ነበሩ። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው ሰው ሉቺያኖ ቫሳሎ ይባላል።

ስሙ ከጁቬንቱስ በውሰት የመጣ ያስመስለዋል። የአስመራ ልጅ ነው።

የእኛን አቋም ከወዲሁ እንናገር፤ ይህች አገር ካየቻቸው አምበሎች ሁሉ ቁንጮው እሱ ነው። «መንግሥቱስ?» እንደምትሉን እናውቃለን፤ እንመጣበታለን።

ቀኑ እሑድ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ቦታው አዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ሲሆን ተሳታፊዎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ። «ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ የተበላ ዋንጫ ምኑ ያኮራል?» የሚሉን ወዳጆች አሉን። መልሳችን አጭር ነው፤ ሁለቱ ጨዋታዎች ምን ዓይነት እንደነበሩ እዩ። በመጀመሪያው ቱኒዚያ 2 ለ 0 ከመራች በኋላ 4 ለ 2 ተሸንፋ ወጣች። የፍጻሜዋ ተጋጣሚ ግብፅ ደግሞ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች፣ የ1957ቱንም የ1959ኙንም (እ.ኤ.አ.)፣ ጠራርጋ የወሰደች ቡድን ናት። በሁለቱም ውድድር እኛን የሸኘችን 4 ለ 0 ነበር። አራት፣ አራት! እንዲህ ያለ ቡድን ሲመጣባችሁ እግራችሁ ባይንቀጠቀጥ ነው የሚገርመው።

ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ሁለት ጊዜም ደረስንባት። ሁለተኛዋን ጎል፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ያገባው ሉቺያኖ ነው። በጭማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አስቆጠረ፤ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨምሮ ነገሩን ቋጨው። 4 ለ 2።

አሁን ወደ መንግሥቱ። በዚያ ውድድር ሦስት ጎል አግብቶ ከግብፁ ባዳዊ ጋር የኮከብ ግብ አግቢነቱን ማዕረግ ተጋርቷል፤ በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላው 10 ጎል ያለው ሰው ነው። በአጥቂነት የሚስተካከለው ካለ አምጡና እንከራከር። አምበልነት ግን ሌላ ሥራ ነው። በሁለት ጨዋታ ሦስት ጊዜ ተመርቶ ያልተበተነ ቡድን መሪ ነበረው፤ ስድስት ደቂቃ ሲቀርም ኳሷን መረብ ውስጥ የከተታት ራሱ መሪው ነው።

ሉቺያኖ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት። ዓመቱን ልብ በሉ፤ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን የወረረበት ዓመት ነው። በ1937 የወጣው የፋሺስቶች ሕግ፣ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ይደነግጋል። በ1940 ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ክልስ ልጁን «የኔ ነው» ብሎ በስሙ እንዳያስመዘግብ ተከለከለ። ሕጉ የጠበቀው የዘር ጥራት የሚሉትን ነገር ነው፤ የተከፈለው ግን በልጆች ነው። አባትየው ሄደ፤ እናት ልጆቿን ይዛ ቀረች።

አስመራ ውስጥ እንደ እሱ ያለ ልጅ ለጣሊያኑ ሐበሻ፣ ለሐበሻው ጣሊያን ነበር። ኳስ የጀመረውም ስቴላ አስማሪና በሚባል፣ ክልስ ልጆች በተሰባሰቡበት ቡድን ውስጥ ነው። ሌላ ማን ያስጠጋው? እ.ኤ.አ. በ2000 የሕይወት ታሪኩን በጣሊያንኛ ሲያሳትም ርዕሱን «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ» አለው። የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነ አምበል መጽሐፍ ሲጽፍ ርዕሱ ላይ ዋንጫ፣ ንጉሥ፣ ድል ምናምን ይደረድራል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። እሱ ያስቀመጠው እናቱን ነው።

የገንዘቡ ነገርም ቀልድ አይደለም። ያን ጊዜ ኳስ እንጀራ አልነበረም። አምበላችን በሙያው መካኒክ ነው። በሳምንት የሚሊዮን ብር ዝውውር የምንሰማ ልጆች ይህን ስናስብ ፈገግ እንል ይሆናል፤ ግብፅን ያሸነፈው ግን በእጁ ግራሶ ነክቶ የሚያድር ሰው ነው።

ስለ ይድነቃቸው ካላነሳን ታሪኩ ጎደሎ ነው። በመጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆኑ ታውቃላችሁ? የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔ። (ስለ ሙዚቃ ለብቻው አንድ ቀን እንጽፋለን፤ ዛሬ ኳሱ ይብቃን።) ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ይድነቃቸው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። የዘር ልዩነቱ ኳስ ሜዳም ገባ፤ ነጭ ለብቻው፣ ሐበሻ ለብቻው ይጫወታል። የሳቸው ቡድን ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ተቀምቶ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ።

በዚያ የበደል ዘመን ያደጉት ሰውዬ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይተው ያሰለጠኑት ብሔራዊ ቡድን አምበል የጣሊያን ወታደር ልጅ ሆነ። ወንድሙም አብሮት ተሰለፈ። በ1954 ዓ.ም. ጦርነቱን በዓይኑ ያየ፣ ዘመድ የሞተበት ሕዝብ ነው ስታዲየሙን የሞላው። «የጣሊያን ልጅ እንዴት ይመራናል?» የሚል አልነበረም ብሎ የሚያምን የዋህ ብቻ ነው። ሉቺያኖ ራሱም በክልስነቱ የደረሰበትን ስድብና መገፋት እስከ እርጅናው ሲናገር ኖሯል።

ይድነቃቸው ግን በዚህ ጉዳይ ሁለት ሚዛን አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው፤ ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ብላ ከመጀመሪያው ውድድር ውጪ የሆነችው ያኔ ነው። ከ1972 እስከ ሞቱበት 1987 የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ፊፋ አፓርታይድን በ1976 ጠቅልሎ እስኪያባርር ድረስ እንቅልፍ አልነበራቸውም። ስለ እሳቸው የሚተርከው ሁሉ ይህን የደቡብ አፍሪካ ትግል ያነሳል። እኛ ደግሞ አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ያለውን እናስቀድማለን፤ የሩቅ አገርን ዘረኛ መቃወም፣ በራስ ሜዳ ላይ የጠላትን ልጅ «ልጄ» ከማለት ይቀላል።

አንድ የሚቆጠቁጥ ነገር አለ፣ ሳንጠቅሰው አናልፍም። ከዚያ ቡድን ተጫዋቾች በርካቶቹ ከኤርትራ የመጡ ነበሩ። ዋንጫው ከተበላ አሥር ወር ሳይዘገይ፣ ኅዳር 1955 ዓ.ም.፣ ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር ያስተሳሰረው ፌዴሬሽን ፈረሰ። ያኔ ገና የተጀመረው ጦርነት እስከ 1983 ዓ.ም. ዘለቀ። ጥር ላይ አንድ ማሊያ ለብሰው የተቃቀፉ ልጆች ወገኖች፣ በአሥርት ዓመታት ውስጥ በግራና በቀኝ ምሽግ ተፋጠጡ። እና «የእኛ ዋንጫ» ስንል «እኛ» ማን ነው? ታክሲ ውስጥ የሚፎክረው ሰውዬ ይህን ቢጠየቅ ወራጅ ብሎ ይወርዳል።

ሉቺያኖ በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በጅቡቲ በኩል ተሰደደ። የሄደው ወደ ጣሊያን ነው፤ በሕፃንነቱ ሕግ አውጥታ አባቱን ወደ ከለከለችው አገር። ሮም አካባቢ ሠርቶ ኖረ። ከሱ በኋላ ብሔራዊ ቡድናችን የአፍሪካን ዋንጫ አልነካም፤ እ.ኤ.አ. ከ1982 በኋላ ወደ ውድድሩ ለመመለስ እንኳ እስከ 2013 ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል። ያን ጊዜ ከተማው በቢጫ ማሊያ ሲጥለቀለቅ አምበላችን የሰባ ሰባት ዓመት ሽማግሌ ሆኖ በሕይወት ነበር።

አዲስ አበባ የቀረው ኢታሎ እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈ። ሉቺያኖ በዓመቱ፣ በ2022፣ እዚያው ጣሊያን ሞተ።