ቀድማ የምትቀልጠው ሽቦ
(የፊውዝ አመራረጥ አጭር ታሪክ)

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በኤሌክትሪክ ሥራ ውስጥ ለፊውዝ የተነገረ ይመስላል። ፊውዝ ማለት ኮረንቲ ከመጠን ሲያልፍ ከሌላው ሽቦ ሁሉ ቀድማ ቀልጣ መስመሩን የምትቆርጥ ቀጭን ሽቦ ናት። እርስዋን ማስገባት ቀላል ነው፤ ልክዋን መምረጥ ግን ብዙ ዘመን የፈጀ ትምህርት ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ1847 ፈረንሳዊው ብሬጌ፣ መብረቅ በቴሌግራፍ መስመር ገብቶ የጣቢያውን መሣሪያ እንዳያበላሽ በመግቢያው ላይ ቀጭን ሽቦ እንዲደረግ መከረ። አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰንም በ1880 ለመብራት መስመር መጠበቂያ የሚሆን ሽቦ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1882 በኒውዮርክ ከተማ ከፐርል ጎዳና ጣቢያ ለብዙ ቤቶች መብራት ማከፋፈል ሲጀምር ጥንቃቄው የግድ ሆነ፤ በአንድ ቤት የሚደርስ ብልሽት ለጎረቤት ሁሉ ይተርፋልና።

ዳሩ ግን ሽቦው ምን ያህል ይቅጠን? እጅግ ከቀጠነ ያለ ምክንያት ይቀልጣል፤ ከወፈረ ደግሞ እርሱ ሳይቀልጥ ቤቱ ይቃጠላል። በብሪታንያ ዊልያም ፕሪስ በ1880ዎቹ ዓመታት ይህን በልኬት መረመረ፤ የሽቦው ውፍረት 4 እጥፍ ሲሆን የሚያቀልጠው ኮረንቲ 8 እጥፍ እንደሚሆን አሳየ። በ1887 ኮክበርን፣ ሙቀቱ ሽቦው ወደ ታሰረበት ብረት ስለሚሸሽ አስተሳሰሩም መታሰብ እንዳለበት አስረዳ። በ1890 ሞርዴይ ሽቦውን በቱቦ ውስጥ አድርጎ በደቃቅ ዱቄት ከበበው፤ ይኸውም በሚቀልጥበት ጊዜ የሚነሣውን እሳት እንዲያፍነው ነው።

ዛሬም መሐንዲስ ፊውዝ ሲመርጥ ሦስት ነገር ይጠይቃል። መስመሩ በደኅና ጊዜ የሚሸከመው ኮረንቲ ስንት ነው? ብልሽት ሲደርስ የሚመጣውን ታላቅ ኮረንቲ፣ በመስመሩ ቮልት ላይ፣ ፊውዝዋ ልትቆርጠው ትችላለችን? ለብልሽቱ ቅርብ የሆነችውስ ከዋናዋ ፊውዝ ቀድማ ትቀልጣለችን? ይህ የመጨረሻው ከተዘነጋ በአንድ ቤት ጥፋት ሰፈሩ ሁሉ ይጨልማል።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ ፊውዝ ቀለጠች ብሎ በቦታዋ ወፍራም ሽቦ ወይም ምስማር ማስገባት ዘበኛን አሰናብቶ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። በመጀመሪያ ለምን እንደ ቀለጠች እንጠይቅ፤ ምክንያቱ ከተወገደ በኋላ በልክዋ ሌላ ትተካ። እርስዋ ቀልጣ ቤቱን አትርፋለችና።